ዝም ያለውን ማጉያ ከመለወጥ በፊት መመርመር

የጊታር ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚከሰው ቫልቩን ነው። የሚከሰውም የሚታየው እርሱ ስለ ሆነ ነው፤ ብርጭቆ ነው፤ ይሞቃል፤ ውስጡ ፍም ይመስላል፤ ከመሰኪያውም በእጅ ተነቅሎ ይወጣል። ስለዚህ ባለ ማጉያው ከደመወዙ ቆጥቦ፣ ወይም ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመዱን ለምኖ አዲስ ቫልቭ ያስመጣል። ይተክለዋል፤ ማብሪያውን ይጫናል፤ ማጉያው ግን እንደ ቀድሞው ዝም ይላል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ማጉያው በወረደ ዋጋ ይሸጣል፤ ወይ ባለቤቱ ተናዶ ክዳኑን ይፈታና እጁን ያገባል። በመጀመሪያው የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ በሁለተኛው ሊጠፋ የሚችለው ግን ሕይወት ነው።

አንባቢዎቼ፤ ከእናንተ መካከል በትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ውስጥ የምትጫወቱ፣ ወይም ማታ ከቢሮ ስትወጡ ከጓደኞቻችሁ ጋር የምትለማመዱ ጥቂቶች እንዳልሆናችሁ እገምታለሁ። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታችን ቫልቭና ትራንዚስተር በአንድ ሣጥን ውስጥ አብረው ስለሚኖሩበት፣ ድብልቅ ስለሚባለው የጊታር ማጉያ ይሁን። ላስጨብጣችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ዕቃ ከመለወጥ በፊት በሽታው ያለበትን ቦታ ማወቅ ይገባል የሚል ነው። ቦታውን ለማወቅም ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሥርዓት ያለው ጥያቄ ነው።

የሁለት ባሕርይ ጋብቻ

መጀመሪያ ስለ ትውልዱ ጥቂት ልንገራችሁ። በብዙ የጊታር ማጉያዎች መግቢያ ላይ የሚገኘው ትንሹ ቫልቭ 12ኤኤክስ7 ይባላል፤ አውሮፓውያን ኢሲሲ83 ይሉታል። ይህን ቫልቭ አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኒው ጀርሲ ሠርቶ ለገበያ ያቀረበው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር ነው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ደግሞ፣ እዚያው ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራተን የመጀመሪያውን ትራንዚስተር አሠሩ። እንግዲህ አውራሽና ወራሽ በአንድ ዓመትና በአንድ ክፍለ ሀገር ተወለዱ ማለት ነው። ይሁን እንጂ አውራሹ እስከ ዛሬ አልሞተም፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ውስጥ ቦታውን ቢለቅም በጊታር ማጉያ ውስጥ አሁንም ይሠራል።

የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፤ ደካማውን የጊታር ምልክት ያበረታሉ። ባሕርያቸው ግን ይለያያል። ቫልቭ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ይሞቃል፤ ውሎ አድሮም ይደክማል። ነገር ግን ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሚሰጠው የሻከረ ድምፅ ለብዙ ሰው ጆሮ ይጣፍጣል። ትራንዚስተር ርካሽ፣ ቀላልና ብዙ ዘመን የሚኖር ነው፤ ሲመጣበት ግን ባንድ አፍታ ይሞታል። ስለዚህ መሐንዲሶች ሁለቱን አጋቧቸው።

ጋብቻውም ሁለት ዓይነት ነው። በ1970ዎቹ ሚዩዚክ ማን የተባለው ኩባንያ በሠራቸው ማጉያዎች ፊተኛው ክፍል ትራንዚስተር፣ እስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰው ኋለኛው የኃይል ክፍል ደግሞ ቫልቭ ነበረ። በ1991 የእንግሊዙ ማርሻል ቫልቭስቴት ብሎ ባወጣቸው ማጉያዎች ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ፊት ለፊት አንድ ኢሲሲ83 ቫልቭ፣ ከኋላ የኃይል ትራንዚስተሮች ሆኑ።

የእናንተ ማጉያ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ሳታውቁ ምንም ነገር አትንኩ። ምክንያቱም ሕጋቸው ተቃራኒ ነው። ኋለኛው ክፍል ቫልቭ ከሆነ እስፒከር ሳይያያዝለት ማብራት የመውጫውን ትራንስፎርመር ሊያቃጥለው ይችላል። ኋለኛው ክፍል ትራንዚስተር ከሆነ ያለ እስፒከር ቢበራ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ የሚገድለው የመውጫው ሁለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው መነካካታቸው ነው። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው ማለት ይህ ነው።

ክዳኑ ሳይከፈት

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ድምፁ የጠፋው ባንድ ጊዜ ነው ወይስ እየደከመ መጥቶ ነው? የተቃጠለ ነገር ሸትቶ ነበር? መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው የተበላሸው? ሣጥኑን መታ ሲያደርጉት ይመለሳል? ከየትስ አገር ነው የመጣው?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ አገር ቀላል ጥያቄ አይደለም። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ማጉያ ግን 120 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ ይጠብቃል። ከዚያ በሻንጣ የመጣውን ማጉያ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ስፒናውን ብቻ ለውጠው ግድግዳ ላይ ቢሰኩት፣ ትራንስፎርመሩ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ቮልቴጅ ይወርድበታል። ዕድል ካለው ፊውዙ ተቃጥሎ ያድነዋል።

እንግዲህ የተቃጠለ ፊውዝ ጠላት አይደለም፤ ዘበኛ ነው። በፊውዝ ፋንታ የሲጋራ ወረቀት ወይም የመዳብ ሽቦ የሚጠመጥም ሰው፣ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ከፍቶ የሚተኛ ሰው ነው። ፊውዝ ስትለውጡ የአምፔሩ ቁጥርም ፊደሉም እንደ ቀድሞው ይሁን፤ «ቲ» የሚለው ፊደል ቀስ ብሎ የሚቃጠል፣ «ኤፍ» የሚለው ፈጥኖ የሚቃጠል ማለት ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ሌላ አትሞክሩ። ውስጥ ሾርት የሆነ ነገር አለ።

የማብሪያው መብራት ከበራና ፊውዙ ደኅና ከሆነ፣ ከሣጥኑ ውጭ ያለውን ሁሉ አጣሩ። የጊታሩን ገመድ ደኅንነቱ በታወቀ ሌላ ገመድ ለውጡ። ሌላ ጊታር ሞክሩ። በእግር የሚረገጠው መቀያየሪያ ካለ ንቀሉት። እስፒከሩ ለብቻው የሚያያዝ ከሆነም ማጉያውን አጥፍታችሁ ገመዱን መርምሩ። ብዙ ጊዜ «ማጉያዬ ሞተ» የተባለለት በሽታ የገመድ በሽታ ሆኖ ይገኛል።

ይህም ሁሉ ደኅና ከሆነ፣ አሁን በሽታው በሣጥኑ ውስጥ ነው። ግን የት? እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ። አንድ ፋይል በስምንት ጠረጴዛዎች ላይ ሲዞር መንገድ ላይ ቢጠፋ፣ ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ጀምሮ አንድ በአንድ መጠየቅ ጊዜ ያባክናል። ብልኅ ጸሐፊ መካከል ላይ ወዳለው ወደ አራተኛው ሄዶ «በእርስዎ በኩል አልፏል?» ብሎ ይጠይቃል። አልፎ ከሆነ ከፊት ያሉት አራቱ ነጻ ወጡ፤ ካላለፈ የኋለኞቹ ነጻ ወጡ። በዚህ ዓይነት ስምንቱን ጠረጴዛ በሦስት ጥያቄ ይጨርሳል።

በብዙ ማጉያዎች ጀርባ ላይ ይህ የመካከለኛ ጠረጴዛ አለ። «ሴንድ» እና «ሪተርን» ተብለው የተጻፈባቸው፣ የድምፅ ማስዋቢያ መሣሪያ የሚያያዝባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው። ፊተኛው ክፍል ሥራውን ጨርሶ በሴንድ በኩል ያስረክባል፤ ኋለኛው ክፍል በሪተርን በኩል ይረከባል። ጊታሩን በቀጥታ ሪተርን ላይ ሰክታችሁ፣ ድምፁ ደካማም ቢሆን ከተሰማ፣ የኃይሉ ክፍልና እስፒከሩ ይሠራሉ ማለት ነው፤ በሽታው ከፊት ነው። ዝም ካለ ደግሞ ጊታሩን በተለመደው መግቢያ ሰክታችሁ ከሴንድ ወደ ሌላ ማጉያ ገመድ ውሰዱ። በዚያኛው ከተሰማ ፊተኛው ክፍል ደኅና ነው። ቫልቩ ፊት ለፊት ላለበት ማጉያ ይህ ሙከራ አንድ ሳንቲም ሳያስወጣ ቫልቩን ወይ ነጻ ያወጣዋል፣ ወይ ከተጠርጣሪዎች መካከል ያስቀምጠዋል።

ሦስተኛ ሙከራም አለ። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበቡ ድብልቅ ማጉያ አለው። ድምፁ እየመጣ ይሄድ ጀመርና ተማሪዎቹ ለአዲስ ቫልቭ መግዣ መዋጮ ጀምረው ነበር። ከላይ ያሉትን ሁለት ሙከራዎች ስናደርግ ግን ፊተኛውም ኋለኛውም ክፍል ደኅና ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ግራ አጋባቸው። በመጨረሻ አጭር ገመድ ከሴንድ ወደ ሪተርን ስንሰካ ድምፁ ጥርት ብሎ ተመለሰ። በሪተርን ቀዳዳ ውስጥ፣ ምንም ነገር ሳይሰካ ሲቀር ሁለቱን ክፍሎች የምታገናኝ ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ የታመመችው እርሷ ነበረች። አቧራና እርጥበት አጠቁሯት ነበር። በኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ርጭትና ስፒናውን አሥር ጊዜ ያህል በማስገባትና በማውጣት ዳነች። የመዋጮውም ገንዘብ ለጊታር ክር ዋለ።

በሽታው ዝምታ ሳይሆን እምምም የሚል ጩኸት ከሆነስ? ለዚህ ጊታራችሁ ራሱ መለኪያ ይሆናል። የመብራቱ ሞገድ 50 ሄርትዝ ነው፤ በማጉያው ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ተመልሶ ሲጣራ ግን የሚቀረው ጉድፍ ብዙውን ጊዜ 100 ሄርትዝ ይሆናል። በትክክል በተቃኘ ጊታር ላይ ወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተይዞ ሲመታ 98 ሄርትዝ ይሰጣል። የማጉያው ጩኸት ከዚህ ድምፅ ጋር ከተቀራረበ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያጣሩት ትልልቅ ካፓሲተሮች፣ ማለትም የቀድሞ ሬዲዮ ሠሪዎች ኮንደንሰር የሚሏቸው፣ አርጅተዋል ብላችሁ ጠርጥሩ። ከዚህ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን 50 ሄርትዝ ነውና ገመዱን፣ የመሬቱን መስመር ወይም የጊታሩን ሽቦ ተመልከቱ። የመሬቱን እግር ቆርጦ ጩኸቱን «ማዳን» ግን ሰው ከመግደል አይተናነስም።

ቫልቩን ራሱን መመርመርም ቀላል ነው። የ12ኤኤክስ7 ቫልቭ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ቫልቮች ናቸው፤ ሲሠራ በሁለት ቦታ ደብዘዝ ያለ ፍም ይታያል። አንዱ ብቻ ከታየ ግማሹ ሞቷል። በእርሳስ እንጨት ቀስ ብላችሁ ብርጭቆውን ነካ ስታደርጉት እንደ ደወል ከጮኸ አርጅቷል። ካመነታችሁ ማጉያውን አጥፉ፤ ስፒናውን ንቀሉ፤ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያም ደኅንነቱ የታወቀ፣ ቁጥሩ አንድ የሆነ ቫልቭ ከጓደኛ ተውሳችሁ ሞክሩ። በኃይሉ ክፍል ያሉት ትልልቆቹ ቫልቮች ግን በዚህ ዓይነት አይለወጡም፤ ሲለወጡ የሚያልፍባቸው ኮረንቲ በባለሙያ መለካት አለበት። ቫልቩ የሚገኘው ከክዳኑ በታች ከሆነም ቀጥሎ ያለውን ሳታነቡ አትንኩት።

ክዳኑ ሲከፈት

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንኛችሁም ልታደርጉት ትችላላችሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ቴስተር ለሚያነብና መበየጃ ለያዘ ሰው ብቻ ነው። የቀረው በዚህ ይቁምና ያገኘውን ጽፎ ወደ ባለሙያ ይውሰደው፤ ይህም ነውር የለበትም።

በቫልቭ በሚሠራ የኃይል ክፍል ውስጥ 300 እና 400 ቮልት የተለመደ ነው፤ ከላይ ባነሣኋቸው አንዳንድ የሚዩዚክ ማን ማጉያዎች ውስጥ ወደ 700 ቮልት ይደርሳል። የከፋው ነገር ስፒናው ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ይህን ኃይል ይዘው መቆየት መቻላቸው ነው። ስለዚህ ስፒናውን ነቅላችሁ፣ ጫፉ በፕላስቲክ በተሸፈነ ሽቦ፣ 10 ኪሎ ኦምና 10 ዋት የሆነ ሬዚስተር በካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች ላይ አሳርፉ። 100 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር በዚህ ሬዚስተር ሲፈስ የጊዜ መለኪያው አንድ ሴኮንድ ነው፤ በአምስት ሴኮንድ ከመቶ አንድ እንኳ አይቀረውም። የፊዚክስ ትምህርታችሁ ለፈተና ብቻ የተማራችሁት አለመሆኑን እዚህ ታያላችሁ። ቢሆንም በስሌት ብቻ አትመኑ፤ ከዚያ በኋላ በቴስተር ለክታችሁ ዜሮ መቅረቡን እዩ። መብራት ባለበት ስትለኩ ደግሞ አንድ እጃችሁን ከኋላችሁ አድርጉ፤ ኮረንቲ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መንገዱ በልብ በኩል ነውና። ብቻችሁንም አትሥሩ።

ፊውዝ ያቃጠለን ማጉያ እንደገና ስታበሩ፣ ባለ ሽቦውን የድሮ አምፑል፣ 220 ቮልትና 100 ዋት ያህል የሆነውን፣ ከመብራቱ መስመር ጋር በተከታታይ አያይዙ። አምፑሉ ለአፍታ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ከባድ ሾርት የለም። ፍክት ብሎ ከቀረ ግን ሾርት አለና ወዲያው አጥፉ። አዲሶቹ የኤልኢዲ አምፑሎች ለዚህ አይሆኑም።

በትራንዚስተሩ በኩል ሁለት ልኬቶች ብዙ ምሥጢር ያወጣሉ። አንደኛው፣ ትናንሾቹ የማጉያ ቺፖች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በፖዘቲቭ 15 እና በኔጋቲቭ 15 ቮልት ስለ ሆነ ሁለቱም መኖራቸውን ማየት ነው። አንዱ ከጎደለ ድምፁ ይሰባበራል ወይም ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ቫልቭ ቢለወጥ ምን ይጠቅማል? ሁለተኛው፣ የኃይሉ ክፍል ትራንዚስተር በሆነ ማጉያ፣ እስፒከሩን ፈታችሁ በመውጫው ላይ ያለውን ቀጥተኛ ቮልቴጅ መለካት ነው። ጥቂት ሚሊቮልት ከሆነ ደኅና ነው። አሥርና ሠላሳ ቮልት ካሳየ የኃይሉ ትራንዚስተር ሾርት ሆኗልና እስፒከሩን መልሳችሁ አታያይዙ፤ የእስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ አንድ የነበረው ኪሳራ ሁለት ይሆናል። የተፈታውን እስፒከርም ለኩት፤ 8 ኦም የተጻፈበት ከ6 እስከ 7 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ምንም ካላሳየ ተበጥሷል።

በመጨረሻ ብየዳውን በማጉሊያ መነጽር ተመልከቱ። በተለይ የሚሞቁ ሬዚስተሮች ባሉበት፣ ቦርዱ ቡናማ በሆነበት፣ እንዲሁም ገመድ በሚሰካባቸው ቀዳዳዎችና በሚዞሩት መቆጣጠሪያዎች እግር ሥር ተመልከቱ። በእግሩ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክብ ስንጥቅ ካያችሁ፣ «ሲመቱት የሚመለስ» የተባለው በሽታ እርሱ ነው። ቫልቭ ሲሞቅና ሲቀዝቅዝ፣ እስፒከር ሲንቀጠቀጥ፣ ገመድ ሲጎተት ብየዳውን ያደክሙታል። ኃይሉ በፈሰሰበት ማጉያ ላይ በትኩስ መበየጃና በጥቂት አዲስ ብየዳ ይድናል።

አንባቢዎቼ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ቫልቩ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው ስንት ጊዜ እንደ ሆነ ቁጠሩ። ፊውዝ፣ ገመድ፣ የብረት ምላስ፣ ካፓሲተር፣ የ15 ቮልት መስመር፣ የኃይል ትራንዚስተር፣ እስፒከርና ብየዳ አይተናል፤ እርሱ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው። የሚያበራና የሚታይ ነገር ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም፤ ይህም ከማጉያ ውጭ የሚሠራ ደንብ ይመስለኛል።

ስለዚህ ማጉያችሁ ነገ ዝም ቢል፣ ካቻቢቴ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ወረቀትና እርሳስ አንሡ። የጠየቃችሁትን፣ የሞከራችሁትን፣ ነጻ የወጣውን ክፍል በተራ ጻፉ። ወረቀቱ በሽታውን ባያገኝላችሁ እንኳ ለባለሙያው ግማሽ ቀን ሥራ ያሳጥርለታል፤ ለእናንተም ሒሳቡን ያቀልላችኋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም።